ተጠራጣሪው ቆጣሪ

የሚፈልጉትን የብር መጠን አስገብተው ካረጋገጡ በኋላ ብሩ እስኪወጣ ያለችውን አጭር ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ኋላው እየተገላመጠ ወይም ስልኩን እያየ ያሳልፋታል። እኔ ጆሮዬን ወደ ማሽኑ ጣል ማድረግ ከለመድኩ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ከውስጥ አንድ ሞተር ይነሣል። ቀጥሎ አየር የሚስብ ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ወረቀት በጎማዎች መካከል ሲያልፍ ፈጣን ፍርፍርታ። ጥቂት ዝምታ። ከዚያ መዝጊያው ጠቅ ብሎ ይከፈታል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከዝምታው በኋላ መዝጊያው አይከፈትም፤ ፍርፍርታው እንደገና ይነሣል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው «አቦ፣ ይሄም ሊበላሽ ነው!» ይላል። አልተበላሸም። ሊሰጥ ያዘጋጀውን ብር ተጠራጥሮት፣ ወደ ጎን ጥሎት፣ ሌላ ወረቀት እየሳበ ከአንድ ጀምሮ እየቆጠረ ነው። በኤቲኤም ማሽን ውስጥ ካለው ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ጥርጣሬውን ነው።

ድሬዳዋ ገንዘብን እየተጠራጠሩ መቁጠርን ከጥንት ጀምሮ የምታውቅ ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ ነበረች። በዚያ ዘመን የንግዱ ገንዘብ በአብዛኛው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። አንዷ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ሺህ ብር የተቀበለ ነጋዴ 28 ኪሎ ተቀበለ ማለት ነው። ነጋዴው ታዲያ ብዛቱን ብቻ አይቆጥርም ነበር። ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዙሪያውን የከበቡትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያያል፤ ነጠብጣቡ የፈዘዘውን፣ ጠርዙ የተነካውን «ይሄን ቀይርልኝ» ብሎ ይመልሳል። የተጠራጠሩትን ለይቶ ወደ ጎን ማኖር ማሽን ከመምጣቱ በፊትም የቆጣሪ ሙያ ነበር።

ከተማዋ ሌላም ሙያ ታውቃለች። ከዚራ የሚገኘው የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ትውልድ ያስተማረ ቤት ነው፤ ቶርኖ ላይ ቆመው የሎኮሞቲቭ ዕቃ ሲላጩ፣ ኩሽኔታ ሲለውጡ፣ የመንኰራኩር ጠርዝ ሲለኩ ያረጁ ሰዎች ልጆቻቸውንም ለብረት ሥራ አሳድገዋል። ዛሬ አሸዋ ገበያ አካባቢ ወይም ሳቢያን በኩል የተበላሸ ነገር ይዞ የሚዞር ሰው የሚጠግንለት እጅ አያጣም። ድሬ ላይ ማሽን ሲመሰገን ከልብ የሚመሰገነው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሲወቀስም እንዲሁ።

የብር ማውጫውን ክፍል በቅርብ ያየሁት ከአገልግሎት ወጥቶ ለመለዋወጫ በተቀመጠ ማሽን ላይ ነው። አንድ የኤቲኤም ጥገና ባለሙያ ጎኑን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አኑሮታል። «ጠጋ በል፣ አቦ፤ አይነክስህም» አለኝ። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ ድሬ ላይ ግን አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ እኔም ደስ ይለኛል። ካቻቢቴውን እንደ ዘንግ እየጠቆመበት ወረቀቱ የሚሄድበትን መንገድ ከመነሻው እስከ መውጫው አሳየኝ።

መነሻው ካሴቱ ነው። ብሩ ካሴት ውስጥ ተጋድሞ አይደለም የሚቀመጠው፤ በጠርዙ ቆሞ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድሮ ነው። ከበስተኋላ በሞላ የሚገፋ ሳህን አለ፤ ብሩ ባነሰ ቁጥር ወደ ፊት እየተጠጋ የፊተኛዋ ወረቀት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት እንድትቆም ያደርጋል። በአንድ ካሴት ሁለት ሺህ ያህል ኖት ይገባል። ሁለት ሺሁም ሲሞላ፣ ሃያ ብቻ ሲቀርም ፊተኛዋ ወረቀት የምታርፍበት ቦታ መለወጥ የለበትም። የሚገፋው ሞላ ከጠነከረ ወረቀቶቹ ይጣበቃሉ፤ ከላላ ፊተኛዋ ትወላገዳለች። ሰው የማያየው፣ ማስታወቂያ የማይነገርለት የአንድ ሞላ ግፊት እንዲህ ተጠንቶ ተሠርቷል።

ከፊት ለፊት አውራ ጣት የማይሞሉ ሁለት የጎማ መምጠጫዎች አሉ። ፓምፑ አየሩን ይስባል፤ ጎማዎቹ ወደ ፊት መጥተው ወረቀቷን ይነካሉ፤ ይይዟታል፤ ይመለሳሉ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ደጋግሜ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ጎማዎቹ ወረቀቷን ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊት አይጎትቷትም። አንድ ጠርዟን ብቻ ይዘው ዘንበል እያሉ ይገልጧታል። ከመሶብ እንጀራ ስታነሣ ሁለተኛው ተጣብቆ እንዳይመጣ ጫፉን ገልጠህ እንደምትጀምር ማለት ነው። ጠርዟ ሲገለጥ ከኋላዋ ካለችው ጋር የተያያዘችበት ቦታ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ይለቃል፤ አየር በመካከላቸው ይገባል፤ ከኋላ ያለችው በቦታዋ ትቀራለች። ፊተኛዋን ሁለት ጎማ ጥቅሎች ተቀብለው ይወስዷታል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ክፋይ አያልፍም፤ በአንድ ሰከንድ አምስት ስድስት ወረቀት እንዲህ እየተገለጠ ይሄዳል።

ይህ ያማረ ሥራ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይሳካም። የማሽኑን ሠሪዎች ያከበርኳቸውም እንደማይሳካ አውቀው ስለሠሩት ነው። እርጥበት የነካው ብር ይጣበቃል። ሴት ነጋዴዋ በነጠላ ጫፍ ቋጥራ የዋለችው ብር የመቋጠሩን ቅርፅ ይዞ ይቀራል። ከታይዋን ገበያ የመጣው በላብ ለስልሷል፤ ከጫት ንግድ የመጣው ላይ አንዳንዴ የቅጠል ፍርፋሪ አለበት። ሁለት ወረቀት አንድ ላይ መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከጥቅሎቹ ቀጥሎ መለኪያው ተቀምጧል።

መለኪያው ሁለት ቀጫጭን ጥቅሎች ናቸው። አንዱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሌላው በላዩ ተጭኖ፣ ወረቀት ሲመጣ ብድግ ይላል። ብድግታው ይለካል። የአንድ ብር ወረቀት ውፍረት የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ጥቅሉ ያን ያህል ብቻ ከተነሣ አንድ ወረቀት ናት፤ እጥፍ ከተነሣ ሁለት ናቸው። አስቸጋሪው በመካከል ያለው ነው። በፕላስተር የተጠገነች አንዲት ወረቀት ፕላስተሯ ጋ ስትደርስ ጥቅሉን ከአንድ በላይ ከሁለት በታች ታነሣዋለች። ጥጓ የታጠፈ ወረቀትም እንዲሁ። እጅግ ያረጁ፣ የሳሱ ሁለት ወረቀቶች ደግሞ አንድ አዲስ ሊመስሉ ምንም አይቀራቸውም። በብርሃን የሚሠሩት ሴንሰሮች ደግሞ ርዝመቷን ያያሉ፤ ጠማማ መጥታ እንደሆነ፣ ሁለተኛዋ በግማሽ ተከትላት እንደሆነ ይለያሉ።

እንግዲህ ልበ ሙሉ ቆጣሪ ቢሆን «ይህቺ ፕላስተር ያለባት አንዲት ወረቀት ናት፤ ትለፍ» ብሎ ይፈርድ ነበር። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆን ነበር። ይህ ማሽን ግን እንዲህ ያለ ፍርድ እንዲሰጥ አልተፈቀደለትም። የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አንድ መሆኗን እርግጠኛ ነህ? እርግጠኛ ካልሆነ ወረቀቷ ወደ ተለየ ሳጥን ትጣላለች። የባንክ ሰዎች ሪጀክት ቢን የሚሉት ነው። ተጠርጣሪዋ በክምሩ መካከል ተደባልቃ ከሆነ ክምሩ በሙሉ አብሯት ይሄዳል፤ ዘጠኙ ንጹሓን በአንዷ ምክንያት ይጣላሉ። ባለሙያው ሳጥኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ ባዶ ነበር፤ የሳጥኑ ታች ግን በወረቀት ብናኝ ነጥቷል። «እዚህ የሚገባው መጥፎ ብር ብቻ አይደለም፤ ንጹሑም ይገባል። ግዴለም፤ የማንም አይጠፋም» አለኝ። ሳጥኑ ውስጥ የገባ ብር ተመልሶ ወደ መንገዱ አይገባም። ሰው መጥቶ በእጁ እስኪቆጥረው ይጠብቃል።

ማሽን ሳደንቅ ፍጥነቱን ወይም ጉልበቱን ማድነቅ ይቀናኝ ነበር። ይህ ግን የሚደነቀው የማያውቀውን ባለማድረጉ ነው። ተሳስቶ ከመስጠት አለመስጠትን እንዲመርጥ ተደርጎ ተሠርቷል። የመረጠበት ዋጋም አለ፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሳጥኑ ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ ማሽኑ አገልግሎት ያቆማል። ሠሪዎቹ ይህን ሁሉ አውቀው ትክክለኛነቱን አስቀድመዋል። እኔም ብሆን የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ በደመወዝ ሰሞን፣ ለአረፋ ዋዜማ ወይም ለገና ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ሲደርስም እንኳ።

ከመለኪያው ያለፉት ወረቀቶች አንድ ላይ ይደረደራሉ፤ ሁለት ቺንጋዎች ከላይና ከታች ጨምቀው ወደ መውጫው ይወስዷቸዋል። መዝጊያው የሚከፈተው ክምሩ ደጃፍ ላይ መድረሱን ሴንሰሩ ካየ ብቻ ነው። ብሩ ወጥቶ የሚወስደው ሰው ካጣ፣ እንደ ባንኩ ምርጫ ጥቂት ቆይቶ ይመለስና በራሱ ቦታ ይታሰራል። ካርዱ ከብሩ በፊት እንዲመለስ የተደረገውም በብልሃት ነው። ሰው የመጣበትን ጉዳይ ካገኘ ይሄዳል፤ ብሩ ቀድሞ ቢወጣ ብዙ ሰው ካርዱን ትቶ ይሄድ ነበር። ካርድህን ካልወሰድክ ብርህ አይመጣም መባሉ የሰውን ጠባይ ያጠና ሰው ሥራ ነው።

ይህ ዕቃ በአንድ ቀን እዚህ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1967 ለንደን አጠገብ ኤንፊልድ በሚገኝ የባርክሌይስ ባንክ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ የተተከለው፣ የጆን ሼፐርድ ባሮን ማሽን፣ ካርድ የለውም ነበር። ደንበኛው ከባንኩ የተሰጠውን ልዩ የወረቀት ቫውቸር ያስገባል፤ ማሽኑ 10 ፓውንድ ይሰጠዋል፤ ቫውቸሩንም ያስቀረዋል። ከሂሳብ መዝገቡ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ አልነበረውም። በእኛ አገር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ አበባ ላይ ጀመረ፤ ዳሸን ባንክ ተከተለ፤ ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር ደግሞ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ላይ መሥራት ቻለ። ከዚያ ወዲህ ከዚራ ላይ የአንዱ ማሽን ቢያቆም መንገድ ተሻግሮ ከሌላው ማውጣት ተለምዷል።

ድሬ ላይ ይህን ዕቃ በሥራ ላይ ማቆየት ቀላል አይደለም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ማሽኑ ከጀርባው ማቀዝቀዣ ካልሠራለት ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት ይጨመርበታል። የጎማ መምጠጫዎቹ በሙቀት ይደርቃሉ፤ የደረቀ ጎማ ወረቀት ላይ ሲያርፍ አየር ያሾልካል፤ አየር ካሾለከ አይይዝም። ቺንጋዎቹ ይላላሉ። አቧራው ደግሞ በሴንሰሮቹ ዓይን ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑ የደበዘዘ ሴንሰር በሌለበት ወረቀት ያያል። ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ የነበሩት መሣሪያዎች በጣም ትንንሽ ነበሩ፤ ለስላሳ ብሩሽ፣ አንድ ጨርቅ፣ አየር መንፊያ፣ ካቻቢቴ። «ከብልሽቱ ግማሹ ጽዳት ነው» ይላል። በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ መለዋወጫ በሚጠበቅበት አገር፣ ከአሮጌው ማሽን ላይ ደህና የቀረችውን መምጠጫ ለቅሞ ማኖር ንፍገት አይደለም። ያቺ ጎማ ሌላ ማሽን ታስነሣለች።

ሆኖም ከሙቀቱም ከአቧራውም ይልቅ ለማሽኑ ትክክለኛነት ወሳኙ ብሩን የሚሞሉት ሰዎች እጅ ነው። ብዙዎቹ ብር አውጪ ማሽኖች የያዙት ወረቀት ባለ 100 ይሁን ባለ 200 አያነቡም። ካሴቱ የባለ 200 ነው ከተባለ ከዚያ የወጣውን ሁሉ 200 ብለው ይቆጥራሉ። ሐሰተኛ ብርንም አይለዩም፤ ያ ሥራ የሚያልቀው ብሩ ካሴት ሳይገባ በፊት፣ በቅርንጫፉ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ካሴቶቹን በስህተት እንዳይለዋወጡ አድርገዋቸዋል። አንዳንዶቹ ካሴቶች ጎን ላይ ትንንሽ ማግኔቶች በተለያየ አሰላለፍ ተሰክተዋል፤ ካሴቱ ሲገባ ማሽኑ አሰላለፉን አንብቦ «ይህ የትኛው ነው» የሚለውን ያውቃል። ቦታ ተለዋውጠው ቢገቡም ግራ አይጋባም። ነገር ግን ሰው ራሱ ባለ 200ውን በባለ 100 ካሴት ቢሞላ ማሽኑ እያንዳንዷን ወረቀት ሳይሳሳት ቆጥሮ የተሳሳተ ገንዘብ ይከፍላል።

ስለዚህ ነው ብሩን የሚሞሉት ሰዎች ሥራ ከመሐንዲሶቹ ሥራ ጋር እኩል ሊነገርለት የሚገባው። በቀፊራ ገበያ የዋለ ገንዘብ ማታ ባንክ ሲገባ ጥብቅ ምርጫ ይካሄድበታል። የተቀደደው፣ የተጻፈበት፣ ፕላስተር ያለበት፣ ጥጉ የጎደለው ይወጣል። የታጠፈው ይቃናል። የቀረው በመቁጠሪያ ማሽን ያልፋል፤ ቀጥሎ በእጅ ይራገባል። ማራገቡን ያየ ሰው ሙያ መሆኑን ይረዳል። ሠራተኛዋ አንድ መቶውን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ቀስት አድርጋ ታጥፈዋለች፤ አንዱን ጫፍ ትለቃለች፤ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ አየር ይገባባቸዋል። ከዚያ ገልብጣ በሌላው ጫፍ ትደግመዋለች። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ በረዥሙም በአጭሩም ጎን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ጠርዙን ታስተካክላለች። ይህን የዘለለ ሰው የሞላው ካሴት በማግስቱ የሪጀክት ሳጥኑን ይሞላል። ካዝናውን ለመክፈትም አንድ ሰው አይበቃም፤ አንዱ ቁልፍ ሲይዝ ሌላው ምስጢር ቁጥሩን ይይዛል፤ ሁለቱ አብረው ካልቆሙ አይከፈትም። አብረው ይቆጥራሉ፤ አብረው ይፈርማሉ።

ይህ ሙያ ክፉኛ የተፈተነው መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሱ የብር ኖት ይፋ ሲሆን ነው። 10፣ 50 እና 100 ብር ተቀየሩ፤ ባለ 200 ከናካቴው አዲስ መጣ። ለሰው ቀለሙንና ምልክቱን መልመድ ነበር። ለማሽኑ ግን አዲስ ወረቀት ማለት አዲስ ውፍረት፣ አዲስ ልስላሴ፣ አዲስ ልክ ማለት ነው። አዲሱን ኖት እያሳለፉ ማስለካት፣ እያንዳንዱን ካሴት መሞከር ያስፈልጋል። አዲስ ብር ለማሽን የሚመች የሚመስለው ሰው ካለ፣ እንደዚያ አይደለም። ከማተሚያ ቤት የወጣ፣ ገና ያልተነካ ወረቀት ጠርዙ በመቁረጫ ተያይዞ፣ ገጽ ለገጽ ተጣብቆ ይመጣል፤ ከአሮጌው ይልቅ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚወጣው እሱ ነው። በጥሩ ሁኔታ ያለ፣ ትንሽ እጅ ያየ ብር ነው ለማሽኑ የሚመቸው። ባለ 200 መምጣቱ ግን አንድ ነገር አቅልሏል። ሁለት ሺህ ወረቀት የሚይዝ ካሴት በባለ 100 ሲሞላ 200,000 ብር፣ በባለ 200 ሲሞላ 400,000 ብር ይይዛል። አንድ ሺህ ብር ለሚያወጣ ሰው አሥር ወረቀት መለካቱ ቀርቶ አምስት ይበቃል፤ የጥርጣሬው ዕድልም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ቆጠራና ሂሳብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አገሩ ሁሉ ያየው ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተሠራ የጥገናና የማሻሻያ ሥራ ምክንያት ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛመተ፤ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ደጃፍ ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ ያለአግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን አስታወቀ፤ ያልመለሱትን ስም ዝርዝር እስከ መለጠፍም ደርሶ ነበር፤ አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። በዚያ ሌሊት «ኤቲኤሙ አበደ» ሲባል ሰማሁ። ስሙን ማንጻት እፈልጋለሁ። ማሽኑ አላበደም። ከማዕከል «ስጠው» ተባለ፤ የተባለውን ያህል ወረቀት ቆጥሮ ሰጠ፤ ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሰጠ እያንዳንዱን ጽፎ አኖረ። ስህተቱ የነበረው ትእዛዙ በተሰጠበት መዝገብ ላይ ነው። ባንኩ ማን ምን እንደወሰደ በስም ሊያውቅ የቻለውም እያንዳንዱ ወጪ በየደረጃው ተመዝግቦ ስለነበረ ነው። እንዲህ ያለ ግርግር ውስጥ ዝርዝሩን ሳያጎድል የጻፈ ጸሐፊ በሰው ቢሆን ይሸለም ነበር።

መብራት ሲጠፋም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። ድሬ ላይ መብራት ሄዶ መምጣቱ የታወቀ ነው፤ መጠባበቂያ ባትሪው (ዩፒኤሱ) ካልያዘ ወረቀቶቹ መንገድ ላይ እንዳሉ ማሽኑ ሊጠፋ ይችላል። ተመልሶ ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው ደንበኛ ማስተናገድ አይደለም። ጥቅሎቹን ሁሉ ባዶውን ያዞራል፤ መንገድ ላይ የቀረ ወረቀት ካለ ወደ ሪጀክት ሳጥኑ ይጠርጋል፤ መዝጊያውን ይሞክራል፤ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ከመጥፋቱ በፊት የት ደርሶ እንደነበር ማስታወሻው ላይ አለ። መብራት እንደመጣ ከግድግዳው ውስጥ የሚሰማው ረዘም ያለ ጉርምርምታ ይህ ነው። ለመስጠት ገና አልተዘጋጀም፤ ራሱን እየፈተሸ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች ወደሚማረሩበት ነገር እመጣለሁ። «ቆረጠብኝ፤ ብሩ ግን አልወጣም።» ይህ ቅሬታ እውነት ነው፤ በእኔም ደርሶብኛል፤ የባንኩን ስም አልጠራም። ሂደቱ እንዲህ ነው። ማሽኑ ጥያቄውን በኔትወርክ ይልካል፤ ባንኩ ሂሳቡን ቀንሶ «ስጠው» ይላል፤ ማሽኑ ይቆጥራል፤ ሰጥቶ ሲጨርስ «ሰጠሁ» ብሎ ይመልሳል። ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ «አልሰጠሁም፤ መልስለት» የሚል መልእክት ይልካል። ኔትወርኩ በመካከል ከተቋረጠ ይህ የመጨረሻው መልእክት ይዘገያል ወይም ይጠፋል። ሂሳቡ ተቀንሷል፤ ብሩ ማሽኑ ውስጥ ነው። ካርዱም የአንድ ባንክ፣ ማሽኑ የሌላ ባንክ ከሆነ መንገዱ ይረዝማል።

ያኔ እውነቱን የሚያወጣው ቆጠራ ነው። ሁለቱ ሠራተኞች ካዝናውን ይከፍታሉ፤ በካሴቶቹ የቀረውን ይቆጥራሉ፤ የሪጀክት ሳጥኑን በእጅ ይቆጥራሉ፤ የሞሉት ስንት እንደነበር ያያሉ፤ ማሽኑ ከጻፈው መዝገብ (ጆርናል) ጋር ያስተያያሉ። ሁሉም ልክ ከሆነ ልዩነት የለም። ለአንድ ደንበኛ 2,000 ብር ተቀንሶ ካልወጣ ግን ማሽኑ ውስጥ ልክ 2,000 ብር ትርፍ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ሪጀክት ሳጥን ውስጥ ነው። ሌላ ምስክር አያስፈልግም። እኔም ገንዘቤን ያገኘሁት እንዲህ ነው፤ ቅርንጫፉ ሄጄ ቀኑንና ሰዓቱን አስመዘገብኩ፤ ትርፉ ተገኘ፤ ሂሳቤ ላይ ተመለሰልኝ። ያንን ሳጥን የሠራው ሰው ይህን ቀን አስቀድሞ ያሰበው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ገና አላለቀም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቃል። ማሽኑ ምን እንደተፈጠረ ጠንቅቆ ያውቃል። ወረቀቱ ከካሴት ጨርሶ እንዳልወጣ፣ ወጥቶ ሪጀክት ሳጥን እንደገባ፣ ወይም ደጃፍ ደርሶ የሚወስደው አጥቶ እንደተመለሰ ለይቶ ጽፎታል። ለቆመችው ነጋዴ ግን የሚነግራት «ይቅርታ፣ ለጊዜው አገልግሎት መስጠት አልቻልንም» ብቻ ነው። እሷም ብሯ እንደጠፋ ቆጥራ፣ ልቧ ተሰቅሎ፣ ወደ ጥበቃው ሄዳ ትጮኻለች። ጥበቃውም የሚላት የለውም። አዲስ ሴንሰር አልጠየቅሁም፤ አዲስ ሞላም አልጠየቅሁም። «ብሩ አልወጣም፤ ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ከሂሳብዎ ተቀንሶ ከሆነ ይህን ቁጥር ይዘው ቅርንጫፉን ይጠይቁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ የማሽኑና የወጪው ቁጥር፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ። ድሬ ላይ ሦስቱንም አሳምሮ የሚጽፍ ሰው በየቅርንጫፉ አለ።